በጸደይ መግቢያ ቀፎን መክፈት፣ መመገብ ወይስ መተው?

ሁለት ቀፎ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ንብ ማነብ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ ሁለት ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎዎች አሉኝ። ሁለቱም ኅብረ ንቦች ብርዱን አልፈው ለጸደይ በመድረሳቸው ደስ ቢለኝም፣ ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስጠይቅ የማገኘው ምክር እርስ በርሱ የሚጋጭ ሆኖብኛል። አንዱ ቶሎ ከፍቼ ፍሬሞቹን ሁሉ እንድመረምር ይመክረኛል፤ ሌላው ደግሞ አበባው እስኪሞላ ድረስ እጄን እንዳላስገባ ያስጠነቅቀኛል።

የመጀመሪያው ቀፎ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ከረፋዱ ጀምሮ በሩ ላይ ግርግር ይታይበታል፤ ንቦቹም በኋላ እግሮቻቸው ቢጫ ጽጌ ብናኝ ተሸክመው ሲገቡ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሞቅ ባለ ቀትር ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ከፍቼ ነበር። ንቦቹ ሁሉ በላይኛው ሣጥን ውስጥ ተሰብስበዋል፤ አንድ ፍሬም ብቻ ነቅዬ ስመለከት መዳፍ የሚያህል የታሸገ እጭ አገኘሁ፤ በዙሪያው ያለው ማር ግን ስስ ነበር። የታችኛው ሣጥን ባዶ ይመስላል።

በሁለተኛው ቀፎ የሚወጡትና የሚገቡት ንቦች ጥቂት ናቸው፤ ጽጌ ብናኝ የያዘ ንብ ያየሁትም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሩ ፊት ለፊት ብዙ የሞቱ ንቦች ወድቀዋል፤ በቀፎው ግንባር ላይም ቡናማ የኩስ ነጠብጣቦች አሉ። ይህንን ገና አልከፈትኩትም።

ስኳር መስጠት አለብኝ ወይ? ከሰጠሁስ በምን መልክ ልስጥ? ሁለቱን ሣጥኖች አገለባብጬ ባዶውን ወደ ላይ ላውጣ ወይስ ባሉበት ልተዋቸው? ሁለተኛውን ቀፎስ ማዳን ይቻላል? የምትችሉ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

የማለዳ ጢስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋኝ እርስዎ ደህና ነው ብለው የተዉት የመጀመሪያው ቀፎ ነው ብልዎት ምናልባት ይገርምዎት ይሆናል። የሁለተኛው ቀፎ ችግር፣ ምንም ይሁን ምን፣ እስካሁን የቆየ ነውና ጥቂት ቀናት ሊታገሥ ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን በአንድ ዝናባማ ሳምንት ውስጥ በረሃብ ሊያልቅ ይችላል።

እጭ በሌለበት የብርድ ወቅት ንቦቹ ተጠጋግተው ሙቀታቸውን ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ ስለማይኖራቸው ማሩን የሚበሉት በቁጠባ ነው። ንግስቲቱ እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ግን እጩ ያለበትን የሰም እንጀራ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ይህን ሙቀት የሚያመነጩት የበረራ ጡንቻዎቻቸውን በማንቀጥቀጥ ነው፤ ለዚህም የሚያቃጥሉት ነዳጅ ማር ነው። በዚያ ላይ እጩ ራሱ ይመገባል። በመሆኑም የማሩ ክምችት እጅግ ባነሰበት ሰዓት ፍጆታው ከፍ ይላል፤ አበባ ማየት ስንጀምርና «እንግዲህስ አለፈላቸው» ስንል ቀፎ በረሃብ የሚሞተው ለዚህ ነው። በር ላይ የሚታየው ጽጌ ብናኝም አያዘናጋዎት፤ እሱ ለእጩ የሚሆን የፕሮቲን ምግብ እንጂ ማርን የሚተካ አይደለም።

በረሃብ ያለቀ ቀፎ ከፍተው አይተው ከሆነ መልኩን አይረሱትም። ንቦቹ በመቶዎች ሆነው ራሳቸውን እንጀራው ቀዳዳ ውስጥ እንደቀበሩ፣ ጅራታቸው ብቻ ወደ ውጭ ቀርቶ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲልሱ ሞተው ይገኛሉ። እኔ ያየሁት ደግሞ ከሞቱበት ቦታ አራት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ የታሸገ ማር ነበረው፤ ብርዱ ከእጩ ላይ ተነሥተው ወደዚያ እንዲሻገሩ አልፈቀደላቸውም። ስለዚህ ማር መኖሩ ብቻ ሳይሆን ከንቦቹ ጋር የተያያዘ መሆኑም መታየት አለበት።

ክብደቱን ለማወቅ መክፈት አያስፈልግዎትም። ከቀፎው በስተኋላ ቆመው ወለሉን በአንድ እጅ አንድ ጣት ያህል ብቻ ከፍ ያድርጉት። መሬት ላይ በምስማር የተመታ ያህል እምቢ ካለ ጊዜ አለዎት፤ ባዶ ሣጥን እንደሚነሣው በቀላሉ ከተነሣ ግን ምግቡን ዛሬውኑ ይስጡ። እጅዎ ልምድ እስኪያገኝ ድረስ ተመሳሳይ ባዶ ቀፎ በማንሣት ቢያወዳድሩት ይረዳዎታል።

የምግቡ መልክ በአየሩ ይወሰናል። ንቦቹ በየቀኑ የማይበሩበት ብርድ ካለ ፈሳሽ አይስጡ፤ ቀዝቃዛ ሽሮፕ አይወስዱም፤ ቢወስዱም ውኃውን የሚያተኑበት ሙቀት የላቸውም። የስኳር ሊጥ (በጥቂት ውኃ የተለወሰ ስኳር) አዘጋጅተው ከፍሬሞቹ በላይ፣ ልክ ንቦቹ ከተሰበሰቡበት አናት ላይ ያስቀምጡት። በየቀኑ መብረር ሲጀምሩ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ኪሎ ውኃ የተበጠበጠ ቀጭን ሽሮፕ መስጠት ይቻላል። ስኳሩ ነጭ ይሁን፤ ቡናማው ስኳርና የስኳር ዝቃጩ ሆዳቸውን ያበላሻል። ምንጩን የማያውቁትን ማር ደግሞ ፈጽሞ አይስጡ፤ የአሜሪካ የእጭ ብስበሳ የሚባለው በሽታ ዘር በማር ውስጥ ይተላለፋል፤ በደረቀ እንጀራ ላይም ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ሽሮፑን ሲመሽ ይስጡ፤ በሩንም ሁለት ሦስት ንብ ብቻ በሚያሳልፍ መጠን ያጥብቡት። እኔ በጀማሪነቴ ጠራራ ፀሐይ ላይ አንድ ኩባያ ያህል ሽሮፕ በቀፎው ወለል ላይ አፍስሼ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤት ቀፎ ንቦች መጥተው ደካማውን ኅብረ ንብ ዘርፈው ጨርሰውታል።

ሰምና ጠረን፦

ከላይ የተሰጠውን ምክር በአብዛኛው እጋራለሁ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ልዩነት አለኝ። ቀጭን ሽሮፕ ንቦቹ ቀሰም (ከአበባ የሚቀስሙት ጣፋጭ ፈሳሽ) መግባት እንደጀመረ እንዲቆጥሩ ስለሚያደርጋቸው ንግስቲቱ እንቁላል መጣሏን ታፋጥናለች። ብዙዎች ይህንን እንደ ጥቅም ያዩታል፤ እኔ ግን በጸደይ መግቢያ ላይ አደጋው ያመዝናል ባይ ነኝ። አሁን ቀፎው ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ንቦች ከብርዱ በፊት የተፈለፈሉና ወራት ያስቆጠሩ ናቸው። የሞቃቱ ወቅት ሠራተኛ ንብ ስድስት ሳምንት ገደማ ስትኖር እነዚህ ግን ዕድሜያቸው ረዝሞ እዚህ ደርሰዋል፤ አሁን በየቀኑ እያለቁ ነው። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ሠራተኛ ንብ ሆኖ የሚወጣው በ21 ቀኑ ነው። በዚህ መሐል አሮጌዎቹ እየሞቱ አዲሶቹ ስላልደረሱ፣ የኅብረ ንቡ ቁጥር ዝቅ የሚልበት ጥቂት ሳምንት አለ። በሽሮፕ ተገፋፍታ የጣለችው እንቁላል ንቦቹ ሊሸፍኑት ከሚችሉት በላይ ከሆነና አንድ ውርጭ ሌሊት ከመጣ ጠርዝ ላይ ያለው እጭ ብርድ ይመታዋል፤ በማግስቱም ነጭ ሆኖ ከበሩ ፊት ተጥሎ ያገኙታል። ስለዚህ ቀፎው ቀላል ከሆነ የስኳር ሊጡን ይስጡ፤ ከባድ ከሆነ ምንም አይስጡ። ጽጌ ብናኝ እየገባ ስለሆነም የፕሮቲን ምግብ መጨመር አያስፈልግዎትም።

ሣጥኖቹን የማገለባበጡን ነገር በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አልነካቸውም። ንቦቹ በብርዱ ጊዜ ማሩን እየበሉ ወደ ላይ መውጣታቸው ተፈጥሯዊ ነው፤ ሲሞቅና ሲጠብባቸው ራሳቸው ወደ ታች ይወርዳሉ። እጩ በላይኛው ሣጥን ውስጥ ብቻ ከሆነ ማገለባበጡ እምብዛም አይጎዳ ይሆናል፤ እጩ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ተዘርግቶ ከሆነ ግን ማገለባበጥ ማለት የሕፃናቱን አልጋ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ጣሪያ ላይ፣ ግማሹን ወለል ላይ ማኖር ነው። እርስዎ ያዩት አንድ ፍሬም ብቻ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ገና አያውቁም።

ሙሉ ምርመራውን የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪና ከዚያ በላይ እስኪሆን፣ ነፋስም እስኪረግብ ድረስ ያቆዩት። ያን ቀን ሲደርስ ንግስቲቱን ለመፈለግ አይድከሙ፤ እንቁላል ካገኙ በቂ ነው። ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ብርሃኑ በትከሻዎ ላይ አልፎ ወደ ቀዳዳዎቹ ታች እንዲገባ ፍሬሙን ያዘንብሉት። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ወለል መሐል ላይ እንደ ነጭ ክር ጫፍ ያለች አንዲት እንቁላል ቆማ ካዩ፣ ንግስቲቱ በዚያ ቀን ወይም በዋዜማው እዚያ ነበረች ማለት ነው፤ እንቁላሏ እየዋለች ስትሄድ ታዘነብላለች፤ በሦስተኛው ቀን ትተኛለች። ይህን ካዩ መልሰው ይዝጉት።

ስለ ሁለተኛው ቀፎ ጥቂት ልጨምር። በሩ ፊት የወደቁት ሬሳዎች ብቻቸውን በሽታን አያመለክቱም፤ ሙቀት ሲመጣ ንቦቹ በብርዱ ወቅት ወለል ላይ የተከማቸውን ሬሳ ስለሚያወጡ ነው፤ እንዲያውም የሚያጸዳ ጉልበት መኖሩን ያሳያል። ቡናማው ነጠብጣብ ግን ልብ ይባል። ለረጅም ጊዜ መውጣት ሳይችሉ ቆይተው በሩ ላይ ኩሳቸውን ጥለው ሊሆን ይችላል፤ ኖዜማ የተባለው የአንጀት በሽታም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ጥርጣሬው እስኪጠራ ድረስ ከዚያ ቀፎ ምንም ፍሬም ወደ ሌላው አያዛውሩ፤ መፈልቀቂያ ብረትዎንም በሁለቱ መካከል ያጽዱ።

ሁለት ቀፎ (ጠያቂ)፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ቀፎ በተባለው መንገድ ሳነሣው እጄ ላይ እንደ ባዶ ሣጥን ቀለለኝ፤ በዚያው ምሽት የስኳር ሊጡን አናታቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ሲሶውን በልተውት አገኘሁ።

ትናንት ቀትር ላይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ ስለነበር ሁለተኛውን ከፈትኩት። ሦስት ፍሬም የማይሞሉ ንቦች አሉ። ማር አላቸው፤ ሁለት ፍሬም ገደማ የታሸገ ነው። እጩ ግን እንግዳ ሆነብኝ፤ እዚህም እዚያም የተበታተነ ሲሆን፣ ክዳኑ እንደ መጀመሪያው ቀፎ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ጥይት ጫፍ ወደ ውጭ የወጣ ነው። እንቁላሎቹ በየቀዳዳው አንድ አንድ ሆነው መሐል ላይ ናቸው። ንግስቲቱንም አይቻታለሁ፤ ክንፏ ጫፉ የተበጣጠሰ፣ ቀስ ብላ የምትሄድ ናት። ከመጀመሪያው ቀፎ እንቁላል ያለበት አንድ ፍሬም ሰጥቻቸው ራሳቸው አዲስ ንግስት ቢያሳድጉስ?

የማለዳ ጢስ፦

የገለጹት ምልክት በጣም ግልጽ ነው። በሠራተኛ ንብ ቀዳዳ ውስጥ ተበታትኖ የሚገኝ ጉልላታም ክዳን የድንጉላ፣ ማለትም የወንድ ንብ፣ እጭ ነው። ንግስቲቱ ያከማቸችው የወንዴ ዘር አልቆባታል፤ ስለዚህ የምትጥለው እንቁላል ሁሉ ያልዳበረ በመሆኑ ድንጉላ ብቻ ይሆናል። እንቁላሉ በየቀዳዳው አንድ መሆኑ፣ መሐል ላይም መቀመጡ የንግስቲቱ ሥራ እንደሆነ ያሳያል፤ እንቁላል የሚጥሉ ሠራተኛ ንቦች ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ብዙ እንቁላል፣ ያውም በግድግዳው ላይ ተለጥፎ ባገኙ ነበር።

እንቁላል መስጠቱ መልካም ሐሳብ ነው፤ ጊዜው ግን አልደረሰም። አዲስ ንግስት ከእንቁላል እስክትወጣ 16 ቀን ይፈጅባታል፤ ከዚያ በኋላ ወጥታ በአየር ላይ መጣባት አለባት፤ ለዚህም ሞቃትና ጸጥ ያለ ቀን እንዲሁም የደረሱ ድንጉላዎች ያስፈልጓታል። ድንጉላ እስኪወጣ 24 ቀን ይፈጃል፤ ከወጣም በኋላ ለመጣባት ብቁ እስኪሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። በጸደይ መግቢያ ላይ በአካባቢው ቀፎዎች የደረሰ ድንጉላ ከሌለ ንግስቲቱ ሳትጣባ ቀርታ ዛሬ ወዳሉበት ችግር ይመለሳሉ። እስከዚያ ድረስ እነዚያ ሦስት ፍሬም የማይሞሉ አሮጌ ንቦች አብዛኞቹ አይቆዩም። የተጣባች ንግስት ገዝተው ቢያስገቡም የሚያሳድግላት ጉልበት የለም።

ስለዚህ ማዋሐድ ይሻላል። ልብ ቢያዝን እንኳ ሁለት ደካማ ቀፎ ከማስተዳደር አንድ ብርቱ ቀፎ ይዞ በኋላ መክፈል ይቀላል። ግን አስቀድመው የታመመ ቀፎ ወደ ጤነኛው እንዳይጨምሩ፣ የታሸጉትን ክዳኖች አንድ በአንድ ይመልከቱ። የጎደጎደ፣ ቀዳዳ ያለበትና ዘይት የተቀባ የሚመስል ክዳን ካገኙ የክብሪት እንጨት ወደ ውስጥ ሰድደው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ እጩ ቡናማ ሆኖ እንደ ሙጫ ክር እየተሳበ ከወጣ የአሜሪካ የእጭ ብስበሳን ይጠርጥሩ። ያኔ ማዋሐድ ቀርቶ ቀፎውን ዘግተው በአገርዎ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና አካል ያሳውቁ፤ በብዙ አገሮችም ማሳወቁ በሕግ ግዴታ ነው። የኖዜማው ጥርጣሬ ስላለም ኩስ ያለበትን ፍሬም ወደ ጤነኛው አያስገቡ፤ ቢቻልዎት ሠላሳ ያህል ንቦች ለምርመራ ልከው ውጤቱን ይጠብቁ።

ንጹሕ ከሆነ በቅድሚያ አሮጊቷን ንግስት ፈልገው ያስወግዱ፤ ይህን ሥራ ለንቦቹ ትተው ከሄዱ የምትሞተው ጥሩዋ ልትሆን ትችላለች። ሲመሽ፣ ንቦቹ ሁሉ ገብተው ሲያበቁ፣ የመጀመሪያውን ቀፎ ክዳን አንሥተው በፍሬሞቹ ላይ አንድ ገጽ ጋዜጣ ያንጥፉ፤ በምላጭ ሦስት አራት ቦታ ትንሽ ይቅደዱትና የደካማውን ሣጥን በላዩ ያስቀምጡ። ንቦቹ ወረቀቱን እየቀደዱ ቀስ በቀስ ሲገናኙ ጠረናቸው ስለሚቀላቀል አይጋደሉም። የስኳር ሊጡ ከጋዜጣው ሥር የሚተርፍ ከሆነ አስቀድመው ያንሡት። የድሮውን መቀመጫ ጨርሰው ያንሡት፤ በማግስቱ ወደ ለመዱት ቦታ የሚመለሱ ንቦች የሚያገኙት ሌላ በር ስለማይኖር ጎን ወዳለው ቀፎ ይገባሉ።

ፍሬም ቆጣሪ፦

ዘግይቼ ስለደረስኩ ያልተነሣውን ብቻ ልናገር። ጠያቂው ስለ ቫሮዋ ምንም አላሉም። ይህ ጥገኛ ተባይ የሚራባው በታሸገ እጭ ውስጥ ነው፤ የሠራተኛ እጭ ታሽጎ የሚቆየው 12 ቀን ገደማ ሲሆን የድንጉላ እጭ ግን ሁለት ሦስት ቀን ስለሚረዝም ቫሮዋው ይበልጥ ይመርጠዋል። እንግዲህ ያ ድንጉላ ብቻ የሞላው ቀፎ ለቫሮዋ የተመቸ ማራቢያ ሆኖ ከርሟል ማለት ነው። ከማዋሐድዎ በፊት ጉልላታሞቹን እጮች በሹካ ነቅለው ያውጡ፤ በነጩ ሙሽሬ ላይ ቀይ ቡናማ፣ ሞላላ ነጥብ ተጣብቆ ካዩ ያው እሱ ነው። የታሸገ የድንጉላ እጭ ይዞ ማዋሐድ ተባዩን በእጅ ወስዶ ለጤነኛው መስጠት ነው።

ከተዋሐዱ በኋላ፣ አየሩ ሲረጋጋ፣ ከእጭ ፍሬም ላይ ንግስቲቱ አለመኖሯን አረጋግጠው ግማሽ ኩባያ ያህል፣ ማለትም 300 ገደማ ንቦችን ወስደው በዱቄት ስኳር ያንከባልሏቸውና የወደቁትን ቫሮዋዎች ይቁጠሩ። በጸደይ ከ100 ንቦች 2 ወይም 3 ከተገኘ እኔ ሳልቆይ መድኃኒት እሰጣለሁ። መድኃኒቱን ሲመርጡ ግን ኦክሳሊክ አሲድ በታሸገው ክዳን ሥር ያለውን እንደማይነካ ያስታውሱ፤ እሱ የሚሠራው እጭ በሌለበት ጊዜ ነው። የመድኃኒቱን መመሪያ ሳያነቡም የማር ሣጥን አይጨምሩ።

ውኃም አይረሱ። ንቦቹ የረጋውን ማር የሚበጠብጡበት ውኃ በዚህ ወቅት በጣም ይፈልጋሉ። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ጠጠር የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡ፤ አንዴ ሌላ ቦታ ከለመዱ ማስለመዱ አስቸጋሪ ነው።

ሁለት ቀፎ (ጠያቂ)፦

ክዳኖቹን ሁሉ አየሁ፤ የጎደጎደ የለም። የላክኋቸው ንቦች ምርመራ ውጤትም ከኖዜማ ነጻ ሆኖ መጣ። ጉልላታሞቹን እጮች በሹካ ሳወጣ በአሥራ ሁለቱ ላይ ቀይ ነጥቦች አገኘሁ። ንግስቲቱን አስወግጄ ባለፈው ማክሰኞ ምሽት አዋሐድኳቸው። ዛሬ ጠዋት በሩ ፊት ልክ በአይጥ የተቦጫጨቀ የሚመስል የጋዜጣ ብጥስጣሽ ተከምሮ አገኘሁ፤ አንዲት ንብም ከቁመቷ የሚበልጥ ቁራጭ ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች ስታወጣ አየኋት። የሞተ ንብ ከአምስት አይበልጥም። አሁን ከፍቼ የቀረውን ወረቀት ላንሣ?

የማለዳ ጢስ፦

አይክፈቱት። ወረቀቱን እነሱ ይጨርሱታል። ከተዋሐዱበት ቀን ጀምሮ አንድ ሳምንት ሙሉ ይተዉአቸውና እንቁላል መኖሩን ብቻ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ከአሥሩ ፍሬም ሰባቱን ወይም ስምንቱን ንብ ሲሸፍነው ሣጥን ይጨምሩ፤ ያን ጊዜም በየሰባት ቀኑ በፍሬሞቹ ግርጌ የንግስት ቤት (አዲስ ንግስት የምታድግበት ቀዳዳ) እንዳይጀምሩ ይቆጣጠሩ፤ መንጋው ቀፎውን ለቆ የሚወጣው የመጀመሪያው የንግስት ቤት በታሸገበት ሰሞን ስለሆነ፣ በየአሥር ቀኑ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከወጡ በኋላ ነው።